መቶ አሥር በሰባ

ስልኩ ሲጠራ አዋላጇ የአንዲት ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ሜትሯን ዘርግታ ነበር። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ከሆስፒታል ነው፣ እርስዎን ነው የሚሉት፣ አላት። ሜትሩ ያሳያትን ጻፈች፤ ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ከምትነሣ በጎኗ ዞራ እንድትነሣ ክንዷን ይዛ ረዳቻትና እጇን እየጠረገች ወጣች።

የደወለው ወጣት ሐኪም ነው። አንዲት የስምንት ወር እርጉዝ ማለዳ ላይ እያንቀጠቀጣት እንደመጣች፣ ልጁን በቀዶ ጥገና እንዳወጡት፣ እናትየዋ ግን እንዳልተረፈች ነገራት። ከዚያ ስሟን ከክትትል ካርዷ ላይ አነበበላት። አዋላጇ የመመርመሪያ ክፍሉን በር ዞራ አየች። ባለፈው ሐሙስ ያቺ ሴት እዚያ ክፍል ውስጥ ስትስቅ ነበር።

«ስትመጣ ግፊቷ መቶ ዘጠና በመቶ ሃያ ነበር» አለ ሐኪሙ። «ካርዱ ላይ ደግሞ ከአምስት ቀን በፊት መቶ አሥር በሰባ ይላል። ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ለክተው ነው የጻፉት?»

ለክቼ ነው፣ መጣሁ፣ አለችና ስልኩን ዘጋች። ጥያቄው ከየት እንደመጣ አልጠፋትም። ወረፋ ሲረዝምባቸው ክንድ ሳይነኩ ያለፈውን ወር ቁጥር ገልብጠው የሚያሰናብቱ ባለሙያዎች አሉ፤ እሷ እንዲህ ያደረገ የሥራ ባልደረባዋን አንድ ሳምንት ሙሉ ሰላም ሳትለው ታልፈዋለች። አሁን ግን ተጠያቂዋ ራሷ ሆነች። የግፊት መለኪያውን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ተበላሽቷል የሚሉ ከሆነ በገዛ ክንዳቸው ላይ ጠምጥማ ልታሳያቸው ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሴቶቹ ከኋላዋ እትዬ ግራ ጎን ይሏታል፤ ፊት ለፊቷም የሚሏት አልጠፉም። እርግዝናቸው ከተጋመሰ በኋላ በጀርባችሁ አትተኙ፣ በጎን፣ በተለይ በግራ ጎን ተኙ፣ ሳትል ያሰናበተቻት እርጉዝ የለችማ። አንዷ ተጫዋች፣ እትዬ፣ ባሌ የሚተኛው በግራዬ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ፊቱን ሳየው ልደር? ብላ ወረፋ የያዘውን ሁሉ አሳቀችው። ቦታ ተቀያየሩ፣ እምቢ ካለ መሬት አውርጂው፣ አለቻት። ስሙ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ተለጠፈባት።

ባሏ አናጺ ነበር። እርጉዞቹ ወደ መመርመሪያው አልጋ የሚወጡባትን ባለ ሁለት ደረጃ መርገጫ የሠራላት እሱ ነው፤ ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው። ልጆቿ ቤት ይዘው ወጥተዋል። ምሳዋን ከቤቷ ቋጥራ ትመጣለች፣ የነጭ ካፖርቷን ቁልፍ ራሷ ትተክላለች፣ ካርድ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ እንጂ በሌላ አትጽፍም። አንድና ሰባት እንዳይምታቱ ሰባቷን በመሃሏ ትሰርዛታለች። የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይኼው ነው፤ በእሷ እጅ የተጻፈ ካርድ ይዞ የትም ሆስፒታል የሄደ ሰው፣ ይኼ ምን ለማለት ነው? ተብሎ ተመልሶ አያውቅም።

ያቺ ሴት መጀመሪያ የመጣችው ከአራት ወር በፊት ነው። ካርዷ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ እንደሆነ፣ ሦስት ልጆች እንደወለደች፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የካውያ ክፍል እንደምትሠራ ይናገራል። ፊቷ ግን ከሃያ አምስት የሚያልፍ አይመስልም። አዋላጇ ሆዷን ስትዳስስም ቆዳው እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ አንድም ሸንተረር የሌለው ሆኖ አገኘችው። ሦስት ወልደሽ ሆድሽ እንዲህ? አለቻት። እናታችንም እንዲሁ ናት፣ አለች ልጅቷ፣ ወደ ግድግዳው እያየች። አዋላጇ ስንት ዓይነት ሆድ አይታለች፤ አለፈችው።

ወዲያው ወደደቻት። የምትሰማ እናት ነበረች። ሌሎቹ እሺ እሺ እያሉ ጫማቸውን ሲፈልጉ፣ ይቺ ቁጭ ብላ የተባለችውን አንድ በአንድ ትደግመዋለች። ሁለት ሰዓት ከቆምኩ በኋላ ቁጭ ብዬ እግሬን ከፍ አደርጋለሁ። ባልዲ ሙሉ ውሃ አላነሣም፣ ግማሽ ግማሽ አድርጌ እመላለሳለሁ። ከመሬት ዕቃ ሳነሣ ጉልበቴን አጥፋለሁ እንጂ ከወገቤ አልጎነበስም። መጋረጃ ለመስቀል ወንበር ላይ አልወጣም። የደም ማነስ ክኒኑን ከሻይ ጋር አልወስድም። ቀስ ብሎ መራመዱ ጥሩ ነው፤ ሳልጠይቅ ከመድኃኒት ቤት የራስ ምታት ክኒን መግዛቱ ግን ጥሩ አይደለም። አንዳንዱን ሁለቴ ታስነግራታለች። አንድ ቀን አዋላጇ፣ እኔ የማስተምርበትን ወንበር ልትወስጂ ነው እንዴ? ብላ ቀለደችባት። ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ አፏን በእጇ የሸፈነ፣ እየሳቀች መሆኗን ሰው እንዳያውቅባት የምትፈልግ ዓይነት ነበር።

አዋላጇ በታክሲ ወደ ሆስፒታሉ ስትሄድ ይኼ ሁሉ እየመጣ ይሄድባት ነበር። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? ትላለች። ሐሙስ ዕለት ሁለቴ ለክቻለሁ። ሽንቷንም አስመርምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ አምስት ቀን ነው፤ በአምስት ቀን ሰው እንዲህ ይሆናል? ሊሆን ይችላል፣ አይታ ታውቃለች፤ ግን ብዙ ጊዜ አይደለም።

ከማዋለጃ ክፍሉ ውጪ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ። ሞተች የተባለችው ሴት እሱ ላይ ተቀምጣ ነበር።

አዋላጇ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ሌላ ምንም አልመጣላትም። ካርድ ተቀያይሮባቸው ነው፣ ስም ተሳስተው ነው፣ አለች በልቧ። በቁሟ ተመስገን ብላ፣ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ሆዷ ላይ ጫነችላት። ልጁ ውስጥ ተራገጠ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺን እኮ ሞተች ብለው ጠሩኝ» አለቻት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። የአዋላጇን እጅ ከሆዷ ላይ ቀስ አድርጋ አነሣችው።

«የሞተችው እህቴ ናት» አለች። «ካርዱም የእሷ ነው። ስሙም።»

ቀሪውን ከአግዳሚው ላይ ሆና፣ አንዳንዴ ቃሉ እየጠፋት፣ ነገረቻት። የተናገረችው ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለውም። ካረገዘች በኋላ ሰውየው ጥሏት ሄደ፤ የአባቷን ቤት ለቃ ታላቅ እህቷ ዘንድ መጣች። የመጣችበት ቦታ ሩቅ ነው፣ የዚህ ነዋሪነት መታወቂያ የላትም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለ ሠራተኛ ደግሞ ያለ መታወቂያ ካርድ አላወጣም ብሎ መለሳት። በዚያው ሰሞን ታላቋም ነፍሰ ጡር ሆናለች፤ አራተኛዋ ነው። የሁለቱ እርግዝና የሁለት ሳምንት ልዩነት ብቻ አለው። ታላቋ ካርዷን አስወጣችና ለታናሿ ሰጠቻት። እኔ ሦስቱን ማንም ሳያየኝ ነው የወለድኩት፤ የመጀመሪያሽ ነው፣ አንቺ ታዪ፣ አለቻት። ለራሷም የሚሆን ጥቅም ነበረው። ፋብሪካው በየወሩ ማህተም ያረፈበት ካርድ ያመጣችን እርጉዝ ከካውያው አንሥቶ ቁጭ ብላ ቁልፍ ወደምትተክልበት ክፍል ያዛውራታል። ታናሿ ትመረመራለች፣ ታላቋ ማህተሙን ለአለቃዋ ታሳያለች። አንድ ካርድ ለሁለት።

ታናሿ የሰማችውን ምክር ሁሉ ቤት ይዛ ትገባለች። ማታ ሁለቱ እህትማማቾች አልጋ ላይ ጎን ለጎን ይተኙና ታናሿ ትደግመዋለች፣ ታላቋ ታዳምጣለች። ሁለቱም በግራ ጎናቸው ይተኛሉ። የታላቋ ባል ግንበኛ ነው፤ ባልዲ እንዳታነሡ ተብላችኋል ብሎ ውሃውን ጠዋት ጠዋት እሱ ቀድቶ ይወጣል። እንዲህ እያለ፣ በአፍ ሊሄድ የሚችለው ነገር ሁሉ ቤት ደርሶላቸዋል።

አዋላጇ እየሰማች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ሐሙስ ዕለት፣ አለች፣ ራሴን ያመኛል ያልሽኝ የማንን ሕመም ነበር?

ልጅቷ እህቷ ወዳለችበት ክፍል በር አየች።

ሐሙስ ዕለት ልጅቷ ገብታ ገና ሳትቀመጥ ራሴን ያመኛል ብላ ነበር። አዋላጇ የራስ ምታትን ነገር በቸልታ አታልፍም። ከመቼ ጀምሮ? አለቻት። ሦስት ቀን ሆነው። ዓይንሽ ብዥ ይልብሻል? ልጅቷ ጥቂት አሰበች። አልፎ አልፎ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ፣ አለች። አዋላጇ ግፊቷን ለካች። መቶ አሥር በሰባ። በሌላው ክንዷ ደገመችው፤ ያው። ሽንቷን ላከች፤ ንጹሕ ሆኖ መጣ። የእግሯን አጥንት በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ አልጎደጎደም።

«ይኼ የኮረዳ ግፊት ነው» አለቻት እየሳቀች። «ግፊትሽ እንዲህ ሆኖ ራስ ምታቱ አያስፈራም። ውሃ ጠጪ፣ እንቅልፍሽን ጥገቢ። ፊትሽና እጅሽ ካበጠ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ነይ።»

ልጅቷም ሳቀች። በሳቋ ውስጥ ትልቅ እፎይታ ነበረበት፤ አዋላጇ ያን ጊዜ ለአንድ ራስ ምታት ይኼ ሁሉ እፎይታ ምንድነው ብላ አልጠየቀችም። ልጅቷ ቤት ገባችና እህቷን፣ እትዬ ራስ ምታቱ አያስፈራም ብላለች፣ አለቻት። ግፊትሽ እንዲህ ሆኖ የሚለው መንገድ ላይ ቀረ። እህቷ እጇ አብጦ ቀለበቷን በሳሙና ካወለቀች ቀናት አልፈው ነበር፤ ሦስተኛው ላይም እንዲህ አድርጎኝ ነበር ብላ ዝም አሰኘቻት። ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ብትነሣ የካርዱ ነገር ይወጣል፣ ታናሿም ክትትሏን ታጣለች። አራት ቀን ጠበቁ።

ይኼን ሁሉ ከሰማች በኋላ አዋላጇ አልጮኸችም። እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለችም። የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች።

«ያለ መታወቂያ ስንቱን ጽፌያለሁ» አለች በመጨረሻ። «በሩ ላይ ያለው ቢመልስሽ፣ እኔ ዘንድ ገብተሽ አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ፈራሁ።»

«መጀመሪያ ፍሪ። ከዚያ አራት ወር አብረን ስንስቅስ?»

«ከዚያማ አፈርኩ፣ እትዬ።»

ሐኪሙ መጥቶ ወደ ውስጥ አስገባት። የታላቋን ፊት አየችው። የታናሿን የሚመስል፣ ግን ሰፋ ያለ፣ ያበጠ ፊት ነው፤ ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። ክንዷን ያዘችው። በስሟ ስድስት ጊዜ ግፊት ጽፋለች፤ ይኼን ክንድ ስትነካው ግን የመጀመሪያዋ ነው። ሐኪሙ ካርዱን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ለክቻለሁ፣ አለችው፣ የለካሁት ግን እሷን አይደለም። እሱም ስለ ስልኩ ይቅርታ ጠየቃት። ምንም አይደለም፣ አለችው፤ ምንም ግን አልቀለላትም።

ቤቷ ስትገባ እራቷን አልበላችም፤ ያበጠ እግር እንዳለባት ሴት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከፍ አድርጋ ተቀመጠች። የምታስበው ስለ ሟቿ ብቻ አልነበረም። ይኼም አሳፈራት። የሚያብከነክናት የልጅቷ ሳቅ ነው። እንዳንቺ የምትሰማ እናት አይቼ አላውቅም ብላ ስታሞግሳት፣ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረችው ለምን እንደነበር አሁን ገባት። የምትሰማውማ ለሌላ ሰው ልታደርስ ነው። ሞኝ አደረጉኝ፣ አለች። ቀጥላ ደግሞ ያን እንደ ከበሮ የተወጠረ ሆድ አስታወሰች። ዓይኗ አይቶት ነበር። ጠይቃም ነበር። በመጀመሪያው መልስ ባትረካ ኖሮ የካርዱ ነገር በዚያው ቀን ይገለጥ ነበር።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ እናት በሞተች ቁጥር የሚሞላውን ቅጽ ይዞ ጠራት። ሁሉንም እንደሆነው አስጻፈችው፤ የሆዱን ነገር ሳይቀር። ኃላፊው፣ ይኼን እንኳ ባይጽፉት፣ አላት። እህ፣ ለማን ብዬ ልደብቅ? አለችው። ካርዱ እንዲሰረዝና በቢሮ እንዲቀመጥ ተወሰነ። በር ላይ የቆመው ሠራተኛም እርጉዝን መታወቂያ የላትም ብሎ እንዳይመልስ ደብዳቤ ተጻፈለት። ያ ደብዳቤ ግድግዳው ላይ እስካሁን ተለጥፎ አለ።

በሳምንቱ እነ ግንበኛው ቤት ሄደች። አንዲት ሳሎንና ከኋላዋ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሦስቱ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንሿ የእናቷን የሥራ ሽርጥ ለብሳ ትጫወታለች። የተወለደው ልጅ ገና ሆስፒታል ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ክብደት እየጨመረ እንደሆነ አባትየው ነገራት። እጁ ሲሚንቶ የበላው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ወንበር አወጣላትና እሱ ቆመ።

«እናንተ የሚቻላችሁን አድርጋችኋል» አላት። «በየወሩ ስትሄድ ነበር፣ አውቃለሁ። ካርዱንም አይቼዋለሁ፤ ሁሉም ደህና ነው ነው የሚለው። ድንገት የመጣ ነገር ነው፤ ምን ይደረጋል።»

አዋላጇ አፏን ከፈተች። ከኋለኛው ክፍል በር ሥር የታናሿ ጥላ ይታይ ነበር፤ አይንቀሳቀስም።

«የቀረችውን ላያት ነው የመጣሁት» አለች ብቻ።

ጠባቧ ክፍል ውስጥ ልጅቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። አዋላጇ ሳትጠይቅ ክንዷን ሳብ አድርጋ መለኪያውን ጠመጠመች። መቶ ሃያ በሰማንያ። ካለፈው ከፍ ያለ ነው፣ የሚያሰጋ ግን አይደለም። ከቦርሳዋ አዲስ ካርድ አወጣች። ስምሽን፣ አለች። ልጅቷ የራሷን ስም ተናገረች፤ አዋላጇ ከአራት ወር በኋላ ስሟን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። መታወቂያ በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ አሰመረች።

ልጅቷ ድምጿን አጥፍታ፣ ለእሱ ነግረውታል? አለቻት።

«አልነገርኩትም።»

«እባክዎ እትዬ፣ አይንገሩት። እሱ ካወቀ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? የምጠጋበት ሌላ ቤት የለኝም።»

«እኔንስ በምን ዓይንሽ ስታዪኝ ከረምሽ?» አለች አዋላጇ።

ቀና ሳትል ነው ያለችው፤ ቀኑን እየጻፈች ነበር። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። አዋላጇ አላባበለቻትም፣ ተነሥታም አልሄደችም። ለቅሶው እስኪበርድ ጠብቃ፣ ሐሙስ ሐሙስ እንድትመጣ፣ ከአሁን በኋላ በየሳምንቱ እንደምታያት፣ ምጥ ሲጀምራት ሆስፒታል እንጂ ቤት እንደማትወልድ ነገረቻት። ልጅቷ እንደ ልማዷ ልትደግም ስትጀምር ግን አስቆመቻት። ለእኔ አትድገሚልኝ፣ አለቻት፣ አድርጊው።

ልጅቷ ሦስት ሐሙስ መጥታለች። አዋላጇ ትለካታለች፣ ትመክራታለች፣ በጥቁር እስክሪብቶ ትጽፋለች። ሴቶቹ እንደበፊቱ ሲቀልዱ ትመልስላቸዋለች፤ ከእሷ ጋር ግን ከሥራ ውጪ ቃል አትለዋወጥም። አንድ ጊዜ ልጅቷ ከአልጋው ስትወርድ እጇን ዘረጋችላት፤ እንዳትወድቅ ነው።

ግንበኛው ደግሞ ጤና ጣቢያው ሁለት ጊዜ መጥቷል። የሚፈልገው የሚስቱን ካርድ ነው። ከዚያ እርግዝና የቀረለት ጽሑፍ እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ልጁ ሲያድግ እናትህ በየወሩ ስትጠብቅህ ነበር ብሎ ሊያሳየው እንደሚፈልግ ለኃላፊው ነግሮታል። ኃላፊው ወደ አዋላጇ መራው፤ አዋላጇ ሌላ ቀን ይምጡ አለችው። ካርዱ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች አንዱም የሚስቱ እንዳልሆነ እስከ ዛሬ አልተነገረውም።